ተቀባዩ በግሱ ውስጥ፦ ፈጣን ምላሽ በአማርኛ የት ድረስ ገለልተኛ ሊሆን ይችላል?

1. መግቢያ

በመልእክት መላኪያ ሶፍትዌሮች ውስጥ ፈጣን ምላሽ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው ተጠቃሚው አስቀድሞ ጽፎ የሚያስቀምጠው ነው፤ ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ቴሌግራም ደግሞ በ2024 ለንግድ ተጠቃሚዎቻቸው ያቀረቧቸው የሰላምታ፣ የ«አሁን የለሁም» እና የዝግጁ መልስ አገልግሎቶች ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ሶፍትዌሩ የደረሰውን መልእክት መርምሮ የሚጠቁመው ነው። ጉግል በ2015 ኢንቦክስ በተባለው የኢሜይል መተግበሪያው የጀመረው አሠራር ሦስት አጫጭር መልሶችን ያቀርብ ነበር፤ ባለሙያዎቹ በ2016 ባሳተሙት ጽሑፍ በመተግበሪያው ከሞባይል ከተላኩት መልሶች 10 በመቶ ያህሉ በዚህ የታገዙ መሆናቸውን ገልጸዋል።

ሁለቱም ዓይነቶች አንድ ዝግጁ ዓረፍተ ነገር ለብዙ ተቀባዮች ይስማማል ከሚል ግምት ይነሣሉ። ይህ ጽሑፍ ግምቱ በአማርኛ የት እንደሚጸናና የት እንደሚፈርስ ይመረምራል። ምሳሌዎቹ ለትንተናው በጸሐፊው የተዘጋጁ ናቸው።

2. የችግሩ መነሻ

ጉግል በ2018 በሌላ የጽሑፍ መጠቆሚያው ላይ የጾታ ስሕተት አጋጥሞት ነበር። ስለ አንድ ባለሀብት የጻፈ ሰው፣ የባለሀብቱ ጾታ ሳይገለጽ፣ መሣሪያው ወንድ አድርጎ ጠቆመው። ኩባንያው መፍትሔ ያደረገው ጾታ አመልካች ተውላጠ ስሞችን ከጥቆማው ማስወጣት ነበር። በአማርኛ ግን ተውላጠ ስሙን ማስወጣት ጾታውን አያስወጣም፤ ምዕላዱ ከግሱ ጋር ተዋሕዷልና። «ቆይቼ እደውልልሃለሁ» የሚለው ምላሽ እንደ ተቀባዩ «እደውልልሻለሁ»፣ «እደውልልዎታለሁ» ወይም «እደውልላችኋለሁ» ይሆናል። አንድ ሐሳብ አራት ቅርጽ አለው፤ የተሳሳተውን የመረጠ ላኪ ተቀባዩን አላወቀም ወይም አላከበረም ማለት ነው።

3. ገለልተኛነት የሚሠራበትና የማይሠራበት

ተቀባዩን የማያመለክቱ ምላሾች በአማርኛ አሉ። «እሺ»፣ «አመሰግናለሁ»፣ «ስብሰባ ላይ ነኝ» የሚሉት ለሁሉም ይሆናሉ። ሌሎችን ደግሞ በማሻሻል ገለልተኛ ማድረግ ይቻላል፦ «መልእክትሽ ደርሶኛል» በ«መልእክቱ ደርሶኛል»፣ «ነገ ይምጡ» በ«ነገ መምጣት ይቻላል» ይተካሉ። ለሱቅ፣ ለክሊኒክ ቀጠሮ ወይም ለቢሮ ይህ ስልት በቂ ነው።

ስልቱ የማይሠራው በሌላ ወገን ነው። «እንዴት ነህ?»፣ «ተሻለሽ?»፣ «እንኳን ደስ አላችሁ»፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ከሚሉት ተቀባዩ ቢወጣ ንግግሩ ራሱ ይጠፋል። «ነፍስ ይማር» ገለልተኛ የሆነው ስለ ሟች ስለሚናገር ነው፤ ወደ ሐዘንተኛው በዞርን ጊዜ ግን ምርጫው ይመለሳል። ልዩነቱ እንግዲህ የአጋጣሚ አይደለም፤ መረጃ የሚያስተላልፉ ምላሾች ባመዛኙ ተቀባዩን ሊተዉት ይችላሉ፤ ግንኙነትን የሚጠብቁት ግን አይችሉም።

4. አንቱታ መሸሸጊያ ይሆናልን?

«እርስዎ» ጾታን ስለማይለይ ለሁሉም እሱን መጠቀም ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ለማያውቁት ደንበኛ ተገቢ ነው። ለአብሮ አደግ ጓደኛ ግን እንደ ቅያሜ ወይም እንደ ፌዝ ሊቆጠር ይችላል። ዕድሜም አስተማማኝ መለያ አይሆንም፤ እናቱን «አንቺ» የሚል ልጅ የጎረቤቱን እናት «እርስዎ» ይላል። ከስም መገመትም አያዋጣም፤ ደስታና ስንታየሁ ለወንድም ለሴትም የሚወጡ ስሞች ናቸው፤ ስሙ ጾታን ቢያመለክት እንኳ ቅርበትን አይነግርም።

5. የመፍትሔ ሐሳብ

ከትንተናው ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ ሥርዓቱ ሊያከማች የሚገባው ዓረፍተ ነገርን ሳይሆን ሐሳብን ነው፤ አራቱ ቅርጾች ከሐሳቡ ይመነጫሉ። ሁለተኛ፣ የቅርጹ ምርጫ ላኪው ለዚያው ሰው ቀደም ሲል ከጻፈው ሊወሰድ ይገባል። ትናንት «ደረስሽ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ምርጫውን አስታውቋል፤ ይህን ለመለየት መልእክቱን ከስልኩ ማውጣት አያስፈልግም። በቡድን ውይይት ግን «እናንተ» እና ለአንድ ሰው የሚሰጥ መልስ እንዳይደባለቁ ምላሹ ለየትኛው መልእክት እንደሆነ መለየት አለበት። ሦስተኛ፣ ማስረጃ በሌለበት ገለልተኛ የመረጃ ምላሾች ብቻ ይጠቆሙ፤ ለሐዘን፣ ለሕመምና ለደስታ ግን ሥርዓቱ ዝም ይበል።

የመጨረሻው ነጥብ ከሰዋስው ያለፈ ምክንያት አለው። በ2023 በሳይንቲፊክ ሪፖርትስ መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በመሣሪያ የተጠቆመ መልስ ይጠቀማል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው በተነጋጋሪው ዘንድ ዝቅ ብሎ እንደሚገመገም አሳይቷል። በአማርኛ ለጥርጣሬው መነሻ የሚሆነው አንድ የተሳሳተ ምዕላድ ሊሆን ይችላል። ወንድሟ ለሞተባት ሴት «ያጽናህ» የሚል መልእክት ቢደርሳት፣ ያጽናናት ሰው እንደሌለ ወዲያው ታውቃለች።

6. ማጠቃለያ

በአማርኛ የፈጣን ምላሽ ወሰን የሚሠመረው በቃላት ብዛት ሳይሆን ተቀባዩን በመያዝና በመተው መካከል ነው። ይህ ትንተና በሰዋስው ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ተናጋሪዎች በተግባር የትኛውን ስሕተት በይቅርታ እንደሚያልፉና የትኛውን እንደማያልፉ መመርመር የቀጣይ ጥናት ድርሻ ይሆናል።