ከጥጃው በኋላ የተነገረው ስም

ለማንበብ፦ ኦሪት ዘጸአት ከምዕራፍ 32 እስከ ምዕራፍ 34።

እስራኤል በሲና ተራራ ሥር ሰፍረው ሳሉ ሙሴ ወደ ተራራው ወጥቶ 40 ቀንና 40 ሌሊት ቈየ። ሕዝቡም እንደ ዘገየ ባዩ ጊዜ በአሮን ዙሪያ ተሰብስበው በፊታቸው የሚሄድ አምላክ እንዲሠራላቸው ለመኑት፤ እርሱም በጆሮአቸው የነበረውን የወርቅ ጕትቻ አስወልቆ ጥጃ አደረገው። ይህን ታሪክ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያልሰማ አንባቢ ጥቂት ነው። ነገር ግን ብዙዎቻችን ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር በውስጡ አለ። አሮን በጥጃው ፊት መሠዊያ ሠርቶ በማግሥቱ የሚሆነውን በዓል ሲያውጅ የሌላ አምላክ ስም አልጠራም፤ በዓሉ የእግዚአብሔር እንደ ሆነ ተናገረ እንጂ (ዘጸ. 32፥5)።

እንግዲህ እነዚያ ሰዎች እግዚአብሔርን የተዉት አልመሰላቸውም። ስሙን ይጠሩ ነበር፤ መሥዋዕትም ያቀርቡ ነበር፤ የለወጡት ባሕርዩን ነው። ዐይናቸው አሕዛብ አማልክታቸውን የሚሠሩበትን መልክ ስለ ለመደ፥ ልባቸውም የማይታየውን አምላክ በዚያው መልክ ሣለው። ለእኛም እጅግ የሚያስፈራው ይህ ነው። በከተማ የሚኖር ክርስቲያን ልቡ በዓለም ነገር ሲባክን እግዚአብሔር የለም አይልም። እሑድ ወደ ጸሎት ቤት መሄዱን፥ በማዕድ ፊት ማመስገኑን፥ ልጆቹንም በመልካም ስም መጥራቱን አይተውም። ብቻ ቀኑን ሁሉ ሲመለከተው የሚውለው ነገር፥ ሳይታወቀው፥ የአምላኩን መልክ ይለውጥበታል።

ነጋዴውን እንመልከት። ከጧት እስከ ማታ ሲሸጥና ሲገዛ፥ ዋጋ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውላል፤ ይህ በራሱ ኀጢአት አይደለም። ማታ ሲጸልይ ግን ከእግዚአብሔርም ጋር መገበያየት ይጀምራል፤ ዐሥራቴን ሰጥቼ ሳለሁ ትርፌ ስለ ምን ቀነሰ? ይላል። በመሥሪያ ቤት የሚያገለግለውም ደጅ መጥናትን ስለ ለመደ፥ እግዚአብሔርን የሰውን ጉዳይ በጠረጴዛው ላይ አሳድሮ ነገ ና እንደሚል ሹም አድርጎ ያስበዋል። ለተማሪው እግዚአብሔር ስሕተትን ብቻ በቀይ ቀለም እየከበበ የሚመልስ ፈታኝ ይሆንበታል። የአገሩን የክርክርና የጠብ ወሬ ሌት ተቀን የሚከታተለው ሰው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ጥጃ ያቆማል ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም፤ እርሱ የሚጠላቸውን ሁሉ የሚጠላ፥ ከወገኑም ጋር ሁልጊዜ የሚስማማ አምላክ ያበጃልና። በመዝሙር 50 (በግዕዙ ዳዊት ቍጥር 49) እግዚአብሔር ሕጉን በአፉ እያነበነበ ከሌባ ጋር የሚሮጠውን፥ በወንድሙም ላይ የሚያማውን ሰው ይወቅሳል፤ የወቀሳውም ሥር ያ ሰው እግዚአብሔርን ራሱን የሚመስል አድርጎ ማሰቡ ነው።

ይህ የልብ መባከን በዘመናችን የተጀመረ አይምሰለን። ሉቃስ የአቴና ሰዎችና በዚያ የነበሩት እንግዶች ጊዜያቸውን ሁሉ አዲስ ወሬ በማውራትና በመስማት ያሳልፉ እንደ ነበረ ጽፎአል (ሐዋ. 17፥21)። የአቴና ሰው ግን ወሬ ለመስማት ጫማውን አጥልቆ ወደ አደባባይ መውጣት ነበረበት፤ ዛሬ አደባባዩ ራሱ በስልክ ውስጥ ሆኖ ከእኛ ጋር ያድራል፥ ሳንነሣም ይቀሰቅሰናል። ጳውሎስም በዚያች ከተማ ቆሞ ወሬ መውደዳቸውን በመንቀፍ ብቻ አልተመለሰም። የማያውቁት አምላክ ማን እንደ ሆነ ነገራቸው፤ ዓለሙን የፈጠረ፥ በሰው እጅ በታነጸ ቤት የማይወሰን፥ ለሁሉ ሕይወትንና እስትንፋስን የሚሰጥ፥ ሰውም በጥበቡ ከቀረጸው ወርቅና ብር ጋር የማይተካከል መሆኑን አስረዳቸው።

አንዳንድ መምህራን ስልክህን አስቀምጥ፥ ወሬን ተው ብለው በዚያው ይጨርሳሉ። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ግማሽ መንገድ ነው። ሙሴ ጥጃውን በእሳት አቃጠለው፥ ፈጨው፥ በውኃ ላይም በተነው፤ ሰፈሩም ከጥጃው ባዶ ሆነ። ሆኖም ሕዝቡ አምላካቸው ምን ዓይነት እንደ ሆነ በዚያች ሰዓት ቀድሞ ከነበሩበት ይልቅ አብዝተው አላወቁም። ጣዖቱ ከወጣበት ስፍራ ውስጥ እውነተኛው እውቀት ካልገባ ሌላ ጥጃ ለመሥራት ወርቅ አይታጣም።

ስለዚህ የታሪኩን ሁለተኛ ክፍል በጥንቃቄ ማንበብ ይገባናል። ሙሴ በምዕራፍ 33 እግዚአብሔርን ክብርህን አሳየኝ ብሎ ለመነ። የተሰጠውም መልስ የሚያስደንቅ ነው፤ ፊቴን ልታይ አትችልም፥ ቸርነቴን ግን በፊትህ አሳልፋለሁ፥ ስሜንም በፊትህ እናገራለሁ የሚል ነበር። ማየትን ለለመነው ሰው የሚሰማ ቃል ተሰጠው። ሕዝቡ በታች የሚታይ ነገር ፈልገው ወደቁ፤ አገልጋዩ በላይ፥ በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ተሸሽጎ፥ የእግዚአብሔርን ባሕርይ ከእግዚአብሔር ከራሱ አፍ ሰማ። ይህም የሆነው የመጀመሪያዎቹ ጽላቶች ከተሰበሩ በኋላ፥ አዲሶቹ ተጠርበው ሳሉ ነው። ስሙ የተነገረው በደል ላላገኛቸው ሰዎች አልነበረም።

ያ ስም በዘጸአት 34፥6–7 ተጽፎአል። በዚያ እግዚአብሔር ስለ ራሱ ሲመሰክር ርኅሩኅ መሆኑን፥ ለማይገባው ሞገስ መስጠቱን፥ ለቍጣ አለመቸኰሉን፥ ቸርነቱና እውነቱም የበዛ መሆኑን ያስታውቃል። ቸርነቱን ለሺሕ ትውልድ ይጠብቃል፤ በደልንም፥ መተላለፍንም፥ ኀጢአትንም ይቅር ይላል። ከዚያም ሳያቋርጥ በደለኛውን ያለ ቅጣት እንደማይተው፥ የአባቶችንም ኀጢአት እስከ ሦስተኛና እስከ አራተኛ ትውልድ እንደሚቈጣጠር ይጨምራል።

በዚህ ስፍራ ተማሪዎች ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ጥያቄአቸውም ችላ ሊባል አይገባም። አምላክ ርኅሩኅ ከሆነ የልጅ ልጅ በአያቱ በደል ስለ ምን ይጠየቃል? ይላሉ። አስቀድሞ ቍጥሮቹን እናመዛዝን፤ በአንድ ወገን ሺሕ ትውልድ፥ በሌላው ሦስትና አራት ተጽፈዋል። ምሕረቱ ከቍጣው እጅግ እንደሚበልጥ ቃሉ በቍጥር ይነግረናል። ሁለተኛም፥ ሦስትና አራት ትውልድ በአንድ ሽማግሌ ዘመን፥ ብዙ ጊዜም በአንድ ጣራ ሥር አብሮ የሚኖር ነው። አባት ሰካራም ወይም ደም ያፈሰሰ እንደ ሆነ ልጁና የልጅ ልጁ የዚያን ፍሬ ሲለቅሙ በመንደራችን ሁሉ እናያለን። ሦስተኛም፥ በዘጸአት 20፥5 ይኸው ቃል ሲነገር ስለሚጠሉኝ ሰዎች የሚል መግለጫ አለበት፤ ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 18 ከአባቱ ክፋት የተመለሰ ልጅ የአባቱን በደል እንደማይሸከም ያብራራል። ይህ ሁሉ ተብሎ ቃሉ የሚከብደው ሰው ቢኖር አይደነቅ፤ ቀላል እንዲሆን የተነገረ አይደለም። ኀጢአትን እንደ ምንም የማይቈጥር አምላክ የተበደሉትን ሰዎችም እንደ ምንም የሚቈጥር ይሆን ነበር።

ከዚህ በኋላ ይህ ስም በቅዱሳት መጻሕፍት ሁሉ ሲያስተጋባ እንሰማለን። በመጀመሪያ የምናገኘው በዘኍልቍ 14 ነው። የከነዓንን ምድር ሊሰልሉ ከሄዱት 12 ሰዎች 10ሩ በ40 ቀን ፍጻሜ ተመልሰው ስለ ረዣዥሞቹ ሰዎችና ስለ ቅጥሩ ከተሞች አወሩ፤ ሕዝቡም ያንን ወሬ ሰምተው ሌሊቱን ሲያለቅሱ አደሩ። ሙሴ ግን በተራራው የሰማውን ስም ለእግዚአብሔር መልሶ አቀረበለት። እግዚአብሔርም ይቅር አለ፤ ያ ትውልድ ግን ወደ ምድሪቱ አልገባም። የስሙ ሁለት ወገን በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ተፈጸመ።

ሌላውን ከነነዌ እንማር፤ ይህችን ከተማ መምረጤ ሁለት ነቢያት ያንኑ ስም ስለ እርስዋ ስለ ጠሩ ነው። ዮናስ ነነዌ ንስሐ ገብታ በተረፈች ጊዜ ተቈጣ፤ በጸሎቱም እግዚአብሔር ርኅሩኅና ታጋሽ መሆኑን አስቀድሞ ያውቅ እንደ ነበረ፥ ወደ ተርሴስ የሸሸውም ስለዚሁ እንደ ሆነ ተናዘዘ (ዮናስ 4፥2)። የእግዚአብሔርን ባሕርይ በቃሉ ያውቃል፤ ለራሱ በዓሣ ሆድ ተጠቅሞበታል፤ ለጠላቱ ግን ነፈገው። ናሆም ደግሞ በኋላ ዘመን ተነሥቶ እግዚአብሔር ለቍጣ የዘገየ ቢሆንም በደለኛውን ንጹሕ ነህ እንደማይል በዚያች ከተማ ላይ ተናገረ (ናሆም 1፥3)፤ ነነዌም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 ዓመት ፈረሰች። ምሕረቱን ብቻ የሚያነብ ሰው ናሆምን ይዝለል ዘንድ ይገደዳል፤ ፍርዱን ብቻ የሚያነብም ዮናስን። ሁለቱን መጻሕፍት በአንድ ሳምንት የሚያነብ ሰው ግን የራሱን ጥጃ ለማቆም ስፍራ ያጣል።

መዝሙር 86፥ 103ና 145ም ይህንኑ ምስክርነት ወደ ጸሎትና ወደ ምስጋና ይለውጡታል። (በግዕዙ ዳዊት ለሚያነቡ ቍጥሩ 85፥ 102ና 144 ነው።) አባቶቻችን ዳዊትን በሰባቱ ዕለታት ከፍለው ማንበብን መድገም ብለው መጥራታቸው መልካም ነው፤ ልብ አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚይዝ ዕቃ አይደለምና። ከንፈር እየሮጠ ልብ በገበያ ቢቀር ግን ድግሙ ምን ይጠቅማል? ወንጌላዊው ዮሐንስም በመጀመሪያው ምዕራፍ ቃል ሥጋ ስለ መሆኑ ሲጽፍ ጸጋና እውነት እንደ ሞላበት ይናገራል፤ ቀጥሎም እግዚአብሔርን ያየ ማንም እንደሌለ፥ የተረከውም አንድያ ልጁ እንደ ሆነ ይጨምራል። ሙሴ በዓለቱ ስንጥቅ የለመነው ነገር ለእኛ በኢየሱስ ክርስቶስ ፊት ተሰጥቶናል፤ መስቀሉም ይቅርታውና ፍርዱ የተገናኙበት ስፍራ ነው።

እንዴት እናንብብ? ስለዚህ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ራሱ ይመልስልናል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በካይሮ የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው አስላን ደ ሼርቪልና አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ለመመለስ ተቀመጡ። ቆንስሉ ስለዚህ ሥራ በተወው ምስክርነት፥ ዐሥር ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ ደጁ ለጠያቂ ሁሉ ዝግ ነበር፤ ሁለቱ እያንዳንዱን ቍጥር በዝግታ ያነቡ፥ የከበደውን ቃል ከዕብራይስጡ፥ ከሱርስቱና ከሰባው ሊቃውንት ትርጕም ጋር ያስተያዩ ነበር። ጽሕፈቱ 9,539 ገጽ ሆነ፤ በ1820 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ተገዛ፥ ሙሉው መጽሐፍም በ1840 ታተመ። የቆንስል ቤት ጠያቂ የሚያጣ ቤት አይደለም፤ እነርሱ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ደጅ ዘጉ።

አንባቢ ሆይ፥ ዐሥር ዓመት አንጠይቅህም። በሳምንት ሁለት ማታ ስልክህን በሌላ ክፍል አኑረህ ደጅህን ዝጋ፤ በቤትህ የሚያነብ ወንድም ወይም ሚስት ቢኖር አብራችሁ ተቀመጡ፥ አንዱ ሲያነብ ሌላው ይስማ። መጽሐፉን እንዳጋጠመ ገልጠህ ለዛሬው ጉዳይህ የሚስማማ ቍጥር አትፈልግ፤ እንዲህ የሚያነብ ሰው እግዚአብሔርን ሳይሆን ጉዳዩን ሲያነብ ያድራል። ይልቅስ በአንድ ወረቀት ላይ አስቀድመህ አንድ ጥያቄ ጻፍ፦ በዚህ ምዕራፍ እግዚአብሔር ስለ ራሱ ምን ተናገረ፥ ምንስ አደረገ? መልሱን በራስህ ቃል አስፍር፤ እኔስ ምን ላድርግ የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ ይምጣ። በመጀመሪያው ማታ ዘጸአት 32ን፥ በሁለተኛው 33ንና 34ን፥ በሦስተኛው ዘኍልቍ 13ንና 14ን፥ በአራተኛው ነህምያ 9ን አንብብ። አምስተኛው ማታ ለዮናስ ይሁን፥ ስድስተኛውም ለናሆም። የዮናስ መጽሐፍ አራት ምዕራፍ ብቻ ነው፤ የሚያበቃውም እግዚአብሔር ከ120,000 ስለሚበልጡት ሰዎችና ስለ ብዙዎቹ እንስሶች በጠየቀው ጥያቄ ነው። ዮናስ የመለሰው መልስ አልተጻፈም፤ በወረቀትህ ላይ ለአንተ መልስ ስፍራ ተውለት።