ቀለሙ ይቆይሽ

ስፕሬዩን አስቀምጪው ሚጡ። የሳይክልሽ ዝገት እንደሚያስጠላ አይጠፋኝም፤ ጓደኞችሽም አይተው ይስቁ ይሆናል። ይሳቁ። ያንን የገዛሽበት ብር ለፍሬን ጎማ መዋል ነበረበት፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል ስትወርጂ ቀለም አያቆምሽም። የቀረሽን ገንዘብ መጀመሪያ ፍሬን፣ ጎማና ኩሽኔታ ላይ ነው የምናውለው። ሌላው ሁሉ ተራውን ይጠብቃል።

እስኪ ዞር በይ፣ ልየው። ግዢሽስ ደህና ነው። ከሁሉ ደስ ያለኝ ከኋላ ሞላ ያለውን አለመግዛትሽ ነው። እነዚያ ርካሽ ባለ ሞላዎች ለዓይን ያምራሉ እንጂ ይከብዳሉ፤ ዳገት ላይ ጉልበትሽን ሞላው ይበላዋል፤ መገጣጠሚያቸው የላላ ቀን ደግሞ ዕቃ ፍለጋ መንከራተት ነው። አሁን ጣትሽን ከመሪው ሥር ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ወፍራም ቱቦ ሆድ ላይ አሂጂው። ያበጠ ወይም የተጨማደደ ቦታ አለ? ካለ ከፊት ክፉኛ ተጋጭቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን በነፃ ቢሰጡሽም አትውሰጂ። የተበየደ ፎርኬላም እንደዚያው። በያጁ ጎበዝ ነው ቢሉሽ እንኳ እሺ አትበዪ፤ ፎርኬላ ሲሰበር በጥርስሽ ነው የምትወድቂው።

ገልብጪውና የፊተኛውን ጎማ አሽከርክሪው። ዓይንሽን ፍሬኑ ጎማና ቸርኬው መሃል ያለው ክፍተት ላይ አድርጊ። ወደ ጎን ትንሽ መወላገድ የሽቦዎቹ መላላት ነው፤ የሳይክል ሠራተኛ አጥብቆ ይመልሰዋል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚዘል ከሆነ ግን ቸርኬው ጉድጓድ ገብቶ ተደፍጥጧል፣ ብዙም አትድከሚበት። ፍሬኑ የሚይዝበትን ጎን በጥፍርሽ ዳብሺው፤ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ከተሰማሽ በፍሬን ተበልቶ አልቋል።

ይህን በደንብ ስሚኝ፣ ብዙ ሰው ብሩን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። የጎማውን ጎን በጨርቅ ጥረጊና ቁጥሩን አንብቢ። "26" የሚለው ብቻውን ምንም አይነግርሽም። 26×1.95 የማውንቴን ጎማ ነው፣ የሚቀመጥበት ቸርኬ 559 ሚሊ ሜትር ነው። 26×1⅜ ደግሞ የከተማ ሳይክል ነው፣ የሱ 590 ነው። ሁለቱም 26 ይባላሉ፣ አንዱ ለሌላው ግን በመዶሻም አይገባም። 28 ላይም ያው ጣጣ አለ፦ የድሮዎቹ ከባድ ፎኒክስ ሳይክሎች በአብዛኛው 635 ናቸው፣ ያሁኖቹ 622። ስለዚህ በትንሹ የተጻፈውን ባለ ሰረዝ ቁጥር ፈልጊ። ያንቺው ይኸው፣ 47-559 ይላል። የፊተኛው የጎማው ስፋት ነው፣ የኋለኛው የቸርኬው ልክ። ገበያ ሄደሽ ሻጩ "26 ነው፣ ይሆናል እቱ፣ ውሰጂው" ሲልሽ 559 የሚለውን ሳታዪ ብር እንዳታወጪ።

ከመነዳሪውን ለጎሚስታ ከመስጠትሽ በፊት ጎማውን ከውስጥ በጨርቅ አብሺው። በጣትሽ አይደለም፣ በጨርቅ! የግራር እሾኽ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል፤ ሳይወጣ ከቀረ የተለጠፈውን ነገ ጠዋት መልሶ ይበሳዋል። ቀዳዳው ወደ ቸርኬው በኩል ከሆነ ግን ጥፋቱ የእሾኽ ሳይሆን የሽቦዎቹ ጫፍ ነው። ከጎሚስታው አሮጌ ከመነዳሪ ለምኚ፣ በቀጭኑ ቅደጂና የቸርኬውን ውስጥ ዙሪያውን ሸፍኚበት። አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ራስሽ ስትለጥፊ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊ፣ ማስቲሹን ቀቢና እስኪደርቅ ጠብቂ። እርጥብ ላይ የተለጠፈ አይቆይም።

ኧረ ቁልፉን በዚያ በኩል አትጠምዝዢው! የግራው ፔዳል ጥርሱ ግልብጥ ነው፤ እንደ ሌላው ብሎን ልፍታ ስትዪ ጭራሽ ታጠብቂዋለሽ። ሳይክሉን መልሰሽ በጎማው አቁሚው፣ ቁልፉን ከላይ በኩል አስገቢና ወደ ኋላው ጎማ አቅጣጫ ግፊ፤ በቀኝም በግራም ይህ ይሠራል። አዎ፣ እንደዚያ።

ካቴናውን ደግሞ በብረት ማስመሪያ እንለካዋለን። ከአንድ ፒን መሃል ጀምረሽ፣ እሱን ሳትቆጥሪ፣ 24 ፒን ቁጠሪ። አዲስ ካቴና ላይ ይህ 30.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 30.6 ካለፈ ካቴናውን ቀይሪ። 30.8 ከደረሰ ግን የኋላውን ጥርስ አብሮ በልቶታል፤ ጥርሱም እንደ መጋዝ ሹል ሆኖ ታገኚዋለሽ። ያን ጊዜ አዲስ ካቴና ብቻ ብትገዢ ዳገት ላይ እየዘለለ ያናድድሻል፤ ሁለቱን በአንድ ላይ መቀየር ነው። ዘይት ካስፈለገሽ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። ጋራዥ በነፃ የሚሰጡትን የተቃጠለ ዘይት ግን እንዳታስነኪው፤ ውስጡ የብረት ብናኝ ስላለበት ካቴናውን ይፈጨዋል።

የጎማውን ሞዞ ስትፈቺ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ አንጥፊ፤ የኩሽኔታው ኳሶች ሶፋ ሥር ከገቡ እማማ ሁለታችንንም አትምረንም። አብዛኛውን ጊዜ ኋላ ላይ በያንዳንዱ ጎን 9፣ ፊት ላይ ደግሞ ከነሱ ያነሱ 10 ናቸው። በነጭ ጋዝ እጠቢያቸውና ወደ ብርሃን ያዢያቸው። አንዱ እንኳ ከተፋቀ ሁሉንም በአዲስ ለውጪ፣ አሮጌና አዲስ አታቀላቅዪ። ከዚያ ግራሶውን ጠቅጠቅ አድርጊበት፤ የመኪናው ግራሶ ምንም አይልም።

አሮጌ የሚገዛውንና አዲስ የሚገዛውን ለዪ። ፔዳል፣ ኮርቻ፣ የኮርቻ ቱቦ፣ ጎማው እንኳ ከነቸርኬው ያገለገለ ቢሆን ችግር የለውም። የፍሬን ሽቦና የፍሬን ጎማ ግን ሁልጊዜ አዲስ። ሽቦውንም ተመልከቺ፦ የፍሬኑ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው፣ የማርሹ ቀጭን ነው፣ 1.2 አካባቢ። ባንድ ሳጥን ደባልቀው ነው የሚሸጡልሽ። የማርሹን ለፍሬን ካሰርሽው አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ይበጠሳል።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ስትሄጂ የፈታሽውን ዕቃ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። የኮርቻ ቱቦ በሚሊ ሜትር ሽራፊ ነው የሚለያየው፣ በዓይን ግምት አይገዛም። ደግሞ እጅሽ ግራሶ ነክቶት፣ የዛገ ዕቃ ይዘሽ ያየሽ ነጋዴ ዋጋውን እንዳሻው አይቆልልብሽም። የሠፈራችንን ቆራሌውም አጫውቺው። "የሞተ ሳይክል ካገኘህ ከመሸጥህ በፊት ለኔ አሳየኝ" በዪው። ፍሬሙ የተሰበረ ሳይክል ላይ ደህና ፔዳል፣ ደህና መሪ፣ አንዳንዴ ሙሉ የኋላ ጎማ ይገኛል፤ ተነጣጥሎ ሲገዛ እጥፍ የሚያስወጣሽን በጅምላ ታገኚዋለሽ። ሙሉ ሳይክል ከማታውቂው ሰው ስትገዢ ግን የመታወቂያውን ኮፒ ያዢ፤ ፔዳሉ ሥር ያለው የፍሬሙ ቁጥር ከተፋቀ ዋጋውን እንኳ ሳትጠይቂ እለፊው።

ስትጨርሺ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ነድተሽ ፍሬኑን በደንብ ያዢው፤ እጀታው መሪውን ከነካ ሽቦውን አጥብቂ። ከጥቂት ቀን በኋላ ብሎኑንና ዳዶውን ሁሉ እንደገና ዙሪበት፣ አዲስ የታሰረ ነገር ይላላል። በይ አሁን 15 ቁልፉን አምጪ፣ የኋላውን ጎማ አንቺ ነሽ የምትፈቺው።