የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጥና የኤሌክትሪክ ሥራ መሥራት፦ የፈቃዳቸው ልዩነት

ከአሰላ በስተ ደቡብ በአርሲ ደጋ ላይ የምትገኘው የበቆጂ ከተማ፣ በዙሪያዋ የሚመረተው የስንዴና የገብስ መገበያያ እንደ መሆኗ መጠን፣ የወፍጮ ቤቷ፣ የብየዳ ቤቷ፣ የሆቴሏና የሱቋ ሥራ ከኤሌክትሪክ ኃይል ጋር የተያያዘ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ኤሌክትሪክ ሥራ የወጣው ሕግ ምን እንደሚል ነጋዴው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሥራው ከታገደ ወይም ቃጠሎ ከደረሰ በኋላ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አስመጪው፣ ባለሱቁና ኃይል ተጠቃሚው ነጋዴ እያንዳንዳቸው ማወቅ የሚገባቸውን በየተራው እናቀርባለን።

በመጀመሪያ፣ ኃይል የሚሸጠውና ሙያውን የሚቆጣጠረው አንድ መሥሪያ ቤት አለመሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ሲቋቋም ኃይል የማመንጨትና የማከፋፈል ሥራ ለእርሱ ተሰጥቶ ነበር። በ1989 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሪክ አዋጅ ቁጥር 86/1989 ግን የቁጥጥሩን ሥራ ለይቶ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኤጀንሲ ሰጠ፤ የኤሌክትሪክ ተቋራጮችን የሙያ ብቃት ማረጋገጥም ከኤጀንሲው ተግባሮች አንዱ ሆነ። ቀጥሎ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ኤጀንሲውን በኢነርጂ ባለሥልጣን ተካው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የአስፈጻሚ አካላትን ሥልጣን በወሰነው አዋጅ ቁጥር 1263/2014 መሠረት የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ኃይል ሻጩ ወገን በበኩሉ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ፣ ማመንጨቱና ከፍተኛው መሥመር ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛው ማከፋፈሉና መሸጡ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። እንግዲህ ቆጣሪ የሚያስገባው መሥሪያ ቤት የሠራተኛውን የሙያ ብቃት የሚያረጋግጠው መሥሪያ ቤት አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የወረቀቶቹን ዓይነት መለየት ነው። እነዚህም በአራት ይከፈላሉ።

አንደኛው የንግድ ሥራ ፈቃድ ነው። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 (በአዋጅ ቁጥር 1150/2011 የተሻሻለው) ማንም ሰው የጸና ፈቃድ ሳይኖረው እንዳይነግድ ይከለክላል። ፈቃዱም የሚሰጠው ለተለየ የሥራ መስክ ነው። ሽቦ፣ ሶኬትና አምፑል በችርቻሮ የመሸጥ ፈቃድ ያለው ባለሱቅ ዕቃውን የመሸጥ መብት አለው፤ ነገር ግን በዚያው ፈቃድ የደንበኛውን ቤት መሥመር ሊዘረጋ አይችልም። ደንበኛውን ለማስደሰት ሲል ከዕቃው ጋር ሠራተኛ የሚልክ ነጋዴ፣ ሳያስበው ከችርቻሮ ወደ ተቋራጭነት ሥራ መሻገሩን ልብ ይበል።

ሁለተኛው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው። በዚህ ረገድ ሁለት የሚመሳሰሉ ወረቀቶች ስላሉ መጠንቀቅ ያሻል። በተለምዶ ሲ.ኦ.ሲ. እየተባለ የሚጠራው የሙያ ብቃት ምዘና ምስክር ወረቀት ግለሰቡ ሙያውን መቻሉን ያስረዳል። የኤሌክትሪክ ተቋራጭ የብቃት ማረጋገጫ ግን ሥራውን ተቋራጭ ሆኖ ለመያዝ የሚያበቃ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም።

ሦስተኛው የግንባታ ፈቃድ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በወጣ ጊዜ 10,000ና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ላይ ተፈጻሚ እንዲሆን ተደንግጎ፣ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ። ፋብሪካና ወርክሾፕ፣ ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች፣ ከፍታቸውም ከ12 ሜትር የሚበልጥ ሁሉ ጥብቅ ቁጥጥር ወደሚደረግበት ወደ ምድብ «ሐ» ገቡ። ስለዚህ ወፍጮ ወይም ብየዳ ቤት የሚያሠራ ነጋዴ፣ ቤቱ ባለ አንድ ፎቅም ባይሆን፣ ምድቡን ከከተማው የሕንፃ ሹም አስቀድሞ ይጠይቅ። ለኤሌክትሪክ መሥመር ዝርጋታ መመሪያ የሚሆነው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ክፍል ኢ.ቢ.ሲ.ኤስ. 10 ተብሎ በ1995 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር።

አራተኛው ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር የሚደረገው የኃይል ውል ነው። ከቆጣሪው በስተ ውስጥ ያለው መሥመር የደንበኛው ኃላፊነት ነው። ለመብራትና ለሱቅ የተፈቀደውን ኃይል ሳያስታውቁ ለሞተር ማዋል፣ የቆጣሪን ማኅተም መፍታት፣ ከራስ መሥመር ለጎረቤት ቀጥሎ መስጠት በሕግ የሚያስጠይቅ ተግባር ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። የአገራችን የደንበኛ መሥመር በነጠላ ፌዝ 220 ቮልት፣ በሦስት ፌዝ 380 ቮልት ነው። 3,500 ዋት የሚስብ አንድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይወስዳል። አንድ የሆቴል ባለቤት ሁለት ምጣድ በአንድ የሶኬት መሥመር ቢያስገባ 32 አምፔር ይሆናል፤ ለሶኬት የተለመደው 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ ይህን አይችልም። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወድቅ ባለቤቱ በትልቅ ብሬከር ቢያስለውጠው፣ ብሬከሩ መውደቁን ይተዋል፤ ሽቦው ግን በግድግዳው ውስጥ መጋሉን አይተውም። 15 ኪሎ ዋት የሆነ የወፍጮ ሞተርም በሦስት ፌዝ ሲሠራ 30 አምፔር ገደማ ይስባል፤ በቀጥታ ሲነሣ ደግሞ ለአጭር ጊዜ የዚህን ብዙ እጥፍ ይጠይቃል። የፈቃዱ ሕግ ዋና ምክንያት ይኸው ነው፤ ሒሳቡን ሠርቶ በስሙ የሚፈርምበት ሰው እንዲኖር ነው።

አስመጪዎች ደግሞ ለደጋ አገር የተለየ ጥንቃቄ ሊያደርጉ ይገባል። በ1906 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ባወጣው ደረጃ መሠረት፣ ሞተር በተለምዶ የሚሠራው ከባሕር ወለል በላይ እስከ 1,000 ሜትር ድረስ ላለ ቦታ ተብሎ ነው፤ የዝቅተኛ ቮልቴጅ ብሬከርና ኮንታክተር ደግሞ እስከ 2,000 ሜትር ነው። በቆጂ ያለችው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሞተሩን ሙቀት የመውሰድ ኃይሉ ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ብልጭታን የመከላከል ዐቅሙም እንዲሁ። የደጋው ብርድ የሙቀቱን ችግር በከፊል ያቃልለዋል፤ ብልጭታን በመከላከል ረገድ ግን አይረዳም። ስለዚህ አስመጪው ዕቃ ሲያዝ የሚሠራበትን ከፍታ በትእዛዙ ላይ ይጻፍ፤ ለዚያ ከፍታ የተስተካከለውን ዐቅምም ፋብሪካው በጽሑፍ እንዲሰጠው ይጠይቅ። አስገዳጅ ደረጃ የወጣላቸውን ዕቃዎች በሚመለከት የተስማሚነት ማስረጃቸውን ከዕቃው ጋር ለቸርቻሪው ቢያስተላልፍ፣ ዕቃው እስከ በቆጂ ድረስ ታማኝነቱን ይዞ ይደርሳል።

ፈቃድ ያለው ተቋራጭ ዋጋው ውድ ነው፣ በትንሽ ከተማም እንደ ልብ አይገኝም የሚል ቅሬታ ይሰማል። ቅሬታው መሠረት የለውም አይባልም። ነገር ግን መፍትሔው ፈቃድ የሌለውን ሰው በስውር ማሠራት አይደለም። ጎረቤታሞች የሆኑ ነጋዴዎች ሥራቸውን አጠራቅመው አንዱን ተቋራጭ ከአሰላ ወይም ከሌላ ከተማ በአንድ ጊዜ ቢያስመጡ የጉዞው ወጪ ይከፋፈላል። በከተማው ያሉ ሙያተኛ ወጣቶችም በተቋራጩ ሥር ተቀጥረው ቢሠሩ፣ ልምድና ማስረጃ አግኝተው ነገ ራሳቸው ተቋራጭ ለመሆን ይበቃሉ።

ጉዳቱን ከወጪው ጋር ማመዛዘን ይገባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ሱቆች ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዙበት ገበያ የአንዱ ሽቦ እሳት የጎረቤትን የዓመት ሀብት ሊበላ ይችላል። ኢንሹራንስ የገባ ነጋዴም የንብረቱን ሁኔታ በእውነት የመግለጽ ግዴታ ስላለበት፣ የመሥመሩን ሁኔታ ከደበቀ ካሣውን ሲጠይቅ ክርክር ይጠብቀዋል።

በማጠቃለል፣ ነጋዴው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት አራት ነገሮችን ይፈጽም፦ የተቋራጩን የንግድ ፈቃድና የብቃት ማረጋገጫ ዋናውን ወረቀት አይቶ ዘመኑ አለማለፉን ያረጋግጥ፤ ሥራው በጽሑፍ ውል እንዲሆን ያድርግ፤ የመሬት መሥመሩ (ኧርዙ) ተለክቶ ውጤቱ እንዲጻፍለት ይጠይቅ፤ የመሥመሩን ንድፍና ደረሰኙን ከንግድ መዝገቡ ጋር ያስቀምጥ። ባለሱቁም ሽቦ ሲሸጥ ለምን ሥራ እንደሚውል ገዢውን ይጠይቀው፤ ለሥራው የማይበቃ ከሆነ ሽያጩ ቢቀርበት ይሻለዋል። ዛሬ ያልሸጠውን ጥቅል ሽቦ ነገ ይሸጠዋል፤ የተቃጠለ የደንበኛ ሱቅ ግን ዳግመኛ ገበያተኛ አይሆነውም።