በታቦር የታየው ብርሃንና የዘመናችን የምስል መሣሪያ

ጌታችን በታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን በገለጸ ጊዜ ከዐሥራ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ያዩት ሦስቱ ብቻ ነበሩ፤ እነርሱንም ከሙታን እስኪነሣ ድረስ ያዩትን ለማንም እንዳይነግሩ አዘዛቸው (ማቴ. 17፥1-9)። ከዚህ የምንማረው የተቀደሰ ነገር ለመታየት ጊዜና ወሰን ያለው መሆኑን ነው።

በዚህ ተራራ ስም በተጠራችው በደብረ ታቦር ከተማ ነሐሴ 13 ቀን በዓሉ ሲከበር፥ ካህናቱ ማኅሌት በቆሙበት ስፍራ ዛሬ ካሜራውና የእጅ ስልኩም ተነሥቶ ይታያል። እኛ መሣሪያውን አንነቅፍም፤ አባቶቻችን ማንበብ ለማይችለው ምእመን በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሥዕል አሥለው ወንጌልን በዓይን አስተምረዋልና። በደብረ ታቦር ኢየሱስ የታወቀው የተክሌ አቋቋምም፥ የመቋሚያው አነሣሥና የእግሩ አረጋገጥ በጽሕፈት ብቻ ተገልጦ አያልቅም፤ መምህሩ ፈቅደው በምስል ቢቀረጽ ለደቀ መዝሙሩ ይጠቅማል፥ በሕመም ከቤት ለዋለውም መጽናኛ ይሆናል።

ነገር ግን ሥዕሉ በግድግዳው ላይ ጸንቶ ይኖራል እንጂ በጸሎት መካከል አይመላለስም። ካሜራውም እንዲሁ ይሁን፤ በቅኔ ማኅሌት በአንድ ስፍራ ይቁም፥ መብራቱ የካህናቱን ዓይን አይውጋ፥ መጋረጃውን አይለፍ፥ ሥጋ ወደሙን ሊቀበል የቀረበውን ምእመን ተከትሎ አያንሣ። ስልኩን ከፍ አድርጎ የቆመውም ሰው በዚያች ሰዓት ልቡ ወዴት እንዳለ ራሱን ይጠይቅ። ሦስቱ ደቀ መዛሙርት ከደመናው ድምፅ በሰሙ ጊዜ በግንባራቸው ወደቁ እንጂ ለማየት አልተጋፉም።