ስለ አራስ ላም አያያዝ

ላም ከወለደችበት ቀን አንሥቶ እስክትነጥፍ ድረስ ወተትዋ በአንድ ልክ አይወርድም። በመጀመሪያ ዕለት በዕለት እየጨመረ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜ ከወለደች ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ከፍተኛው ልክ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም ጥቂት በጥቂት ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ የጎደለው ወተት፥ በኋላ መኖ ቢበዛላትም እምብዛም አይመለስም።

ነገር ግን ወተትዋ በሚበዛበት በዚያው ሰሞን ላሚቱ የመብላት ኃይልዋ ገና አልተመለሰም። ስለዚህ ጉድለቱን ከገዛ ስብዋና ሥጋዋ እየቀነሰች ትሞላዋለች። መክሳቱ በልክ ሲሆን አይጎዳትም፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ወተቱ ይጎድላል፤ ኮርማም መፈለግ ትተዋለች፤ በየዓመቱ ሊወለድ ይችል የነበረውም ጥጃ እየዘገየ ይሄዳል።

ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል በነበረችው በጭሮ ከተማ ዙሪያ፥ እንዲሁም በሒርና፥ በበዴሳና በገለምሶ አገር ያለው ገበሬ መሬቱ ጠባብ ስለ ሆነ ከብቱን በደጅ አስሮ መቀለብን ከአባቶቹ ተምሯል። ማሽላውን አብዝቶ ይዘራል፤ ካደገም በኋላ እያሳሳ ነቅሎ ለከብት ያበላል፤ ቅጠሉን ይመለምላል፤ አገዳውንም ለበጋ ከምሮ ያኖራል። የሐረርጌ ሰንጋ በገበያ ስሙ የታወቀው በዚህ ጥበብ ነው። ይሁን እንጂ ለምለሙ ሁሉ ለሰንጋው ሲቀርብ አራሲቱ ላም ደረቅ አገዳ እያኘከች የምትውልበት ቤት አለ። ይህ ሒሳብ የተገላበጠ ነው። ሰንጋው ዛሬ ባይወፍር በሚመጣው ወር ይወፍራል፤ የላሚቱ ጊዜ ግን ካለፈ አለፈ። ደግሞም የሰንጋው ዋጋ የሚገኘው በተሸጠ ጊዜ ነው፤ ወተቱ ግን ለሕፃን የዕለት ምግብ፥ ለባለቤቲቱም የዕለት ገበያ ነው።

ደረቅ አገዳ ሆድ ይሞላል እንጂ ብቻውን ወተት አያበዛም። ለአራሲቱ ለምለም ሣር፥ የስኳር ድንች ሐረግ፥ የቦሎቄ ገለባና የሚገኝ ሲሆን ፉርሽካና ፋጉሎ ሊጨመርላት ይገባል። የጨው ነገርም አይረሳ። ፉርሽካውና እህሉ ጥቂት በጥቂት ይለመድ፤ በድንገት ቢበዛ ሆድዋን ያበላሸዋል። መድኃኒት የተረጨበት የጫት ገረባ ግን ለምትታለብ ላም መስጠት አይገባም።

ወተት ከመቶው 87 እጅ ያህል ውኃ ነው። ለራስዋ ጥማት ከሚያስፈልጋት ሌላ፥ ለያንዳንዱ ሊትር ወተት ቢያንስ 3 ሊትር ውኃ መጠጣት አለባት፤ በሚኤሶ ቆላ ደግሞ ሙቀቱ ከዚህ ይበልጥ ያስጠጣታል። በቀን አንድ ጊዜ ወደ ሩቅ ምንጭ መንዳት አይበቃም፤ በገንዳ ውኃ ማቅረብ ይሻላል።

ማሽላ ጠቃሚ መኖ ቢሆንም ለጋው ቡቃያ፥ በድርቅ የቀጨጨውና ከታጨደ በኋላ ከጉቶው ያቆጠቆጠው ሳይናይድ የሚባል ብርቱ መርዝ አለበት። የተራበች ላም ይህን በብዛት ብትበላ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ እንዲህ ካለው ማሳ ከብትን መከልከል ነው። ካደገው ማሽላ የተነቀለውንም ቢሆን አስቀድሞ ደረቅ መኖ ካበሉ በኋላ በጥቂቱ መስጠት ይገባል።

አላቢ አስቀድሞ እጁን፥ ቀጥሎም የላሚቱን ጡት በንጹሕ ውኃ አጥቦ ያደርቃል። ጥጃው ጥቂት ሲጠባ እናቲቱ ወተትዋን ትለቃለች፤ መልቀቅዋም ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለ ሆነ ያለ ጩኸትና ያለ ዱላ ፈጥኖ ማለብ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ወተት በጥቁር ጨርቅ ላይ ይታይ፤ የረጋ ነገር ወይም ደም ያለበት ከሆነ ጡትዋ ታሟልና ያቺ ላም ከሁሉ በኋላ ትታለብ፤ ወተትዋም ለምግብ አይዋል። እንገሩን ግን ጥጃው በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጠግቦ መጥባት አለበት፤ ከበሽታ የሚጠብቀውን ኃይል የሚያገኘው ከእንገሩ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ሆዱ ይህን ኃይል ለመቀበል አይችልም።

ብዙ የምትታለብ ዲቃላ ላም ከወለደች በሦስት ቀን ውስጥ ጆሮዋ ቀዝቅዞ፥ አንገትዋን ወደ ጎንዋ አጥፋ ብትተኛ ካልሲየም የሚባለው ማዕድን ከደምዋ ጎድሎባት ሊሆን ይችላል። የእንስሳት ሐኪም ቶሎ ይጠራ፤ እስኪመጣም ድረስ በአፍዋ ምንም አይጋታት፤ መዋጥ ስለማትችል ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል።

መምህሩ በመንደሩ አንዲት ላም በወለደች ጊዜ ተማሪዎች ጧትና ማታ የታለበውን በአንድ ጣሳ እየለኩ እስከ አሥር ሳምንት ድረስ በደብተራቸው ቢጽፉ መልካም ነው። ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ፥ በዚያም ቀን ላሚቱ ምን እንደ በላችና ምን ያህል እንደ ጠጣች ከጎኑ ይመዝገብ።