የመብራት ዋጋ በገጠር መንደር

ስለ ገጠር መብራት ስንነጋገር ሐሳባችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ግድቡ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ይሁን እንጂ ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ ኃይል ተራርቀው ከተሠሩ የገበሬ ጎጆዎች ማድረስ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

ከዋናው መስመር ወደ መንደር ለመግባት ምሰሶ፥ ሽቦና ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ይህ ወጪ ተጠቃሚው ቢበዛም ቢያንስም እምብዛም አይለወጥም። ለምሳሌ ያህል 3 ሚሊዮን ብር ፈጀ እንበል። 300 ቤተ ሰቦች መብራቱን ቢያስገቡ የእያንዳንዱ ድርሻ 10,000 ብር ይሆናል፤ 60 ብቻ ቢያስገቡ ግን 50,000 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ድኻው ሳያስገባ መቅረቱ የእርሱ ጉዳት ብቻ ሳይሆን የመንደሩን ሁሉ ሒሳብ የሚያስወድድ ነው።

ድኻውስ ለምን ይቀራል? ብዙውን ጊዜ የሚከብደው ወርኃዊው ክፍያ አይደለም። ለላምባና ለባትሪ ድንጋይ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ያወጣል፤ ዓመቱን ቢደምረው ራሱም ይደነግጣል። የማስገቢያው ክፍያ፥ ቆጣሪው፥ የቤት ውስጥ ሽቦው ግን በአንድ ጊዜ ይጠየቃል፤ ያውም እህሉ ገና በማሳ ሳለ። ሽቦ በደጁ አልፎ በኩራዝ የሚያመሽ ቤት ያላየ ካቴኪስት ያለ አይመስለኝም። ክፍያው በየወሩ ተከፋፍሎ ቢጠየቅ ብዙዎች ይችሉት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 ለሁሉም መብራት ለማዳረስ ያለመ ነበር። በ2019 በታደሰው ዕቅድ 65 በመቶው በዋናው መስመር፥ 35 በመቶው ከመስመሩ ውጪ፥ ይኸውም በፀሐይ ኃይልና በመሳሰለው፥ እንዲያገኝ ታስቦ ነበር። ዓመቱ አልፎአል፤ ያልደረሰው መንደር ግን ብዙ ነው።

የፀሐይ ኃይል በእርግጥ ረክሶአል። 20 ዋት የምትሰጥ አንዲት ሰሌዳ ሁለት ሦስት አምፖል ታበራለች፥ ስልክ ትሞላለች። ነገር ግን የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይፈልጋል፤ ይህም በቀትር ፀሐይ የ175 ሰሌዳዎች ኃይል ማለት ነው። ስለዚህ ልጁ በአምፖል ሲያጠና እናቲቱ ማገዶ መሸከሟን አልተወችም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ላይ ሞተዋል። ሳሎኑን አብርቶ ማድ ቤቱን በጭስ የተወ ዕቅድ ርካሽ የመሰለው የሴቲቱን ድካም ስላልቈጠረ ነው። የማገዶን ፍጆታ እስከ ግማሽ የሚቀንሰው ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ ዋጋው ከአንድ ሰሌዳ ዋጋ ጋር በአንድነት ሊታሰብ ይገባል።

እንግዲህ በቁምስናችሁ ለመብራት መዋጮ ስብሰባ ሲጠራ፥ ከምሰሶው ዋጋ ጋር የመበለቶቹ ቆጣሪና የቤት ውስጥ ሽቦ በመዝገቡ ገብቶ እንደ ሆነ ጠይቁ። ምርጫው የፀሐይ ኃይል ከሆነም፥ ባትሪው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲደክም መተኪያው ከየት እንደሚመጣ ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት ይወሰን።