የሸክላው ሙቀትና የፍሙ አየር፦ ከሽሮ ቤት ገበታ የተገኘ የፊዚክስ ትምህርት

በዕረፍት ቀን ከቤተሰቡ ወይም ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሰፈር ሽሮ ቤት ጎራ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ትርኢት አለ። አስተናጋጁ ተጋቢኖውን በትንሽ ሸክላ ያመጣና ከትሪው መካከል ያሳርፈዋል። ምድጃው በማድ ቤት ቀርቷል፤ ሽሮው ግን አሁንም ይንተከተካል። ቀጥሎ ሸክላ ጥብስ ይቀርባል፤ ከሥሩ ፍም አለ፤ ቅቤው ይንጫጫል፤ እናት የልጇን እጅ ይዛ «ቆይ፣ ይብረድ!» ትላለች። ከእሳት የወረደ ምግብ መፍላቱን የሚቀጥለው ስለምንድን ነው? ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንነሣው ከዚህ ቀላል ከሚመስል ጥያቄ ነው። መድረሻችን ግን ምግቡ አይደለም። መድረሻችን በገበታው ዙሪያ የተቀመጡት ሰዎች የሚተነፍሱት አየር ነው።

ውሃ በአዲስ አበባ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

የመማሪያ መጻሕፍት ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ይላሉ። አባባሉ ትክክል የሚሆነው በባሕር ወለል ላይ፣ የከባቢ አየር ግፊት 101.3 ኪሎ ፓስካል በሆነበት ስፍራ ነው። መፍላት ማለት በፈሳሹ ውስጥ የሚፈጠረው እንፋሎት ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ጋር መስተካከል ማለት ነውና፣ የውጭው ግፊት ሲቀንስ ፈሳሹ ገና ብዙ ሳይሞቅ አረፋ ማውጣት ይጀምራል። ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የውሃ ነጥበ ፍሌት በአንድ ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በከተማዋ የአየሩ ግፊት ወደ 76 ኪሎ ፓስካል፣ ነጥበ ፍሌቱም ወደ 92 ዲግሪ ይወርዳል። በባሕር ዳር ወደ 94፣ በድሬዳዋ ወደ 96 ይሆናል። (በላቦራቶሪ ቴርሞሜትሩ 92 ሲያሳያቸው መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው በሪፖርታቸው 100 ጽፈው የሚያስረክቡ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም። ቴርሞሜትሩ ከመጽሐፉ ይልቅ ሊታመን የሚገባበት ጊዜ አለ።)

ይህ የ8 ዲግሪ ልዩነት ለምግብ አብሳይ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ኬሚካላዊ ለውጦች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ፍጥነታቸው በግምት እጥፍ ይሆናል። በባሕር ማዶ፣ በባሕር ጠረፍ ከተማ ለትምህርት በቆየንባቸው ዓመታት ባቄላና ሽምብራ አገር ቤት ከሚፈጀው ባነሰ ጊዜ ሲበስልልን ምክንያቱን ያገኘነው ከዚሁ ስሌት ነበር። የምግብ ቤቶቻችን ፕሬዠርም ሥራው ሌላ አይደለም። በውስጡ ያለውን ግፊት ከውጭው በ100 ኪሎ ፓስካል ያህል ከፍ ካደረገው፣ አዲስ አበባ ላይ ውሃው 116 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ድረስ አይፈላም። ቅቅሉም ፈጥኖ ይበስላል።

ሸክላው የሚደብቀው ሙቀት

አሁን ወደ ተጋቢኖው እንመለስ። ሽሮው በአብዛኛው ውሃ ስለሆነ ውሃው ተንኖ እስካላለቀ ድረስ ሙቀቱ ከ92 ዲግሪ ብዙም አይዘልም። ይሁን እንጂ የሸክላው ሙቀት ከዚህ ይበልጣል። ሸክላ ሙቀትን የሚያስተላልፈው እጅግ በዝግታ ነው፤ የንጹሕ አሉሚኒየም አስተላላፊነት ከተራ ሸክላ በመቶዎች እጥፍ ይልቃል። ስለዚህም እሳቱ የነካው የሸክላው የውጭ ገጽ በጣም ሲግል፣ ሽሮውን የነካው የውስጥ ገጽ ከሽሮው ጋር ተቀራራቢ ሙቀት ይዞ ይቆያል። በሁለቱ ገጾች መካከል ያለው የሸክላው ውፍረት ከሽሮው ሙቀት የበለጠ ትርፍ ሙቀት የተከማቸበት ጎተራ ነው። ስሱ የአሉሚኒየም ድስት ግን እንዲህ ያለ ጎተራ የለውም። ውጩም ውስጡም በአንድ ሙቀት ላይ ስለሚገኝ፣ ከእሳት እንደወረደ መፍላቱ ቀጥ ይላል።

የትርፉን መጠን እናስላ። ሸክላው 1 ኪሎ ግራም ይመዝናል፣ አማካይ ሙቀቱም ከሽሮው በ25 ዲግሪ ይበልጣል እንበል። 1 ኪሎ ግራም ሸክላ በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 0.9 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይለቃል። እንግዲህ ትርፉ 1 × 0.9 × 25፣ ማለትም 22 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። 1 ኪሎ ግራም የፈላ ውሃን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ወደ 2,260 ኪሎ ጁል ስለሚያስፈልግ፣ ይህ ትርፍ 10 ግራም ያህል ውሃ ማትነን ይችላል። 10 ግራም፣ ከሁለት የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ውሃ፣ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን በአዲስ አበባ ግፊት ይህ ውሃ እንፋሎት ሲሆን ከ20 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል። እንግዲህ በወፍራሙ ሽሮ ውስጥ እየተጋፋ የሚወጣውና «ቡፍ» እያለ የሚፈነዳው ይኸው እንፋሎት ነው። እርግጥ ከሙቀቱ የተወሰነው ወደ አየርና ወደ ትሪው ስለሚሄድ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ያንሳል፤ ሆኖም ጥቂት ደቂቃዎች ለመንተክተክ ይበቃል።

እንጀራው ራሱ አንድ ቃል ይገባዋል። ዓይኖቹ አየር ስለያዙና አየር ደካማ ሙቀት አስተላላፊ ስለሆነ፣ እንጀራ ምግብ ከመሆኑ በላይ የጣት ጓንት ነው። በማንኪያ የማይደፈረው ሽሮ በጉርሻ የሚደፈረው ስለዚህ ነው።

ቸስታውና ቡናማው ቀለም

የጥብስ ነገር ከሽሮ ይለያል። ሥጋው ላይ ውሃ እስካለ ድረስ የገጹ ሙቀት ከነጥበ ፍሌት አያልፍም፤ ስለዚህም በመጀመሪያ የሚሆነው መቀቀል እንጂ መጠበስ አይደለም። ገጹ ሲደርቅ ሙቀቱ ሽቅብ ይወጣል። ወደ 140 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሲደርስ በሥጋው ያሉት አሚኖ አሲዶችና ስኳሮች በፍጥነት እየተዋሐዱ ቡናማውን ቀለምና ያንን ከመንገድ የሚጠራ ሽታ ይፈጥራሉ። ይህን ሂደት ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። ሥጋ ጠባሾቻችን ጥብሱን በአንድ ጊዜ አብዝተው አለመጫናቸው ትክክለኛ ፊዚክስ ነው። ብዙ ሥጋ ብዙ ውሃ ያወጣል፤ ውሃውም ሙቀቱን ወደ 92 ዲግሪ መልሶ ያስረዋል።

ቸስታውስ? ከሥጋውና ከሽንኩርቱ የወጣች የውሃ ጠብታ ከ100 ዲግሪ እጅግ በላይ ከጋለው ቅቤ ውስጥ ስትገባ በቅጽበት ትተናለች። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ እንፋሎት ሲሆን ይዘቱ ከ2,000 እጥፍ በላይ ይጨምራል። ይህ ድንገተኛ መስፋፋት አየሩን ሲገፋ ድምፅ እንሰማለን፤ ቅቤውን ሲገፋ ደግሞ ሸሚዛችን ይበላሻል።

ጭስ የሌለው ፍም

እስካሁን የተመለከትነው የገበታውን ደስታ ነው። ከሸክላ ጥብሱ ሥር ያለው ፍም ግን ሙቀት ብቻ አይደለም የሚሰጠን።

ከሰል በአብዛኛው ካርቦን ነው። ከታች አየር በሚያገኝበት ቦታ ካርቦኑ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ በጋለው ፍም መካከል ሽቅብ ሲያልፍ ሌላ ካርቦን ያገኝና ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ራሱ ይቃጠላል፤ ማታ ማታ በፍም ላይ የምናያት ሰማያዊ ነበልባል የእርሱ ቃጠሎ ናት። ነበልባሏ ስትጠፋ ጋዙ ቀረ ማለት ግን አይደለም። ሙቀቱ ሳይበቃ ወይም አየር ሲያጥር፣ ለምሳሌ ፍሙ አመድ ሲለብስ፣ ጋዙ ሳይቃጠል ወደ ክፍሉ ያመልጣል።

በአገራችን «ጭሱ ከወጣለት በኋላ ይግባ» የሚባል ልማድ አለ። ከሰሉ ደጅ ይራገባል፤ ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ ወደ ቤት ይገባል። ልማዱ ዓይንንና ጉሮሮን ከጭስ ይጠብቃል፤ ከካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አይጠብቅም። ጭስ የምንለው በአየር ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ቅንጣቶችን ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በብዛት የሚወጣውም በትክክል ከዚያ ከተመሰገነው ቀይ ፍም ነው። ጋዙ ወለል ላይ ይተኛል የሚለው አስተሳሰብም አይጸናም። የሞለኪውሉ ክብደት 28፣ የአየር አማካይ 29 ስለሆነ ከክፍሉ አየር ጋር እኩል ይደባለቃል። ወንበር ላይ ያለውንም ሕፃኑንም አይመርጥም።

ወደ ደም ሲገባ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ኦክስጅን ከሚጣበቀው በ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ነው። ስለዚህ ጥቂቱ ብዙ ያፍናል። አዲስ አበባ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ መሆኑ ሲታሰብ፣ ነገሩ በደጋው ይበልጥ ይከብዳል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው። ተመጋቢው ግን ምልክቶቹን በምግቡ ወይም በጠጁ ያሳብባል። እርጉዝ ሴቶች፣ ሕፃናትና የልብ ሕመምተኞች ይበልጥ ይጎዳሉ። በክረምት ቤት ዘግተው፣ ከሰል አንድደው ያደሩ ቤተሰቦች ሕይወታቸው አለፈ የሚለውን ዜና የምንሰማውም በዚሁ ጋዝ ምክንያት ነው።

እዚህም ላይ ስሌት እንሥራ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው የቤት ውስጥ አየር መመሪያ ለአንድ ሰዓት ቆይታ የፈቀደው ከፍተኛ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር 35 ሚሊ ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ቁመቱ 5፣ ወርዱ 4፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ የምግብ ቤት ክፍል 60 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። እንግዲህ በክፍሉ ሊኖር የሚፈቀደው ጋዝ 60 × 35፣ ማለትም 2.1 ግራም ነው። 1 ኪሎ ግራም ከሰል ሲነድ፣ እንደ ምድጃውና እንደ ከሰሉ ቢለያይም፣ 200 ግራም ያህል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ስለዚህ በሩና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ገደቡን ለመሙላት 10 ግራም ከሰል፣ አንዲት ቁራሽ፣ ትበቃለች።

በእርግጥ የትኛውም ክፍል ፈጽሞ አይታተምም። ስለዚህ ጥያቄውን እንዲህ እናቅርበው፦ አየሩ በምን ያህል ፍጥነት መለወጥ አለበት? ከአንድ ሸክላ ጥብስ ሥር በሰዓት 100 ግራም ከሰል ቢነድ 20 ግራም ጋዝ ይወጣል። ይህን ከገደቡ በታች አሟሙቶ ለመያዝ በሰዓት ወደ 570 ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር መግባት አለበት፤ ይኸውም የክፍሉ አየር በየሰዓቱ ከ9 ጊዜ በላይ ሙሉ በሙሉ መለወጥ አለበት ማለት ነው። ለአራት ገበታ ሲሆን 38 ጊዜ። በረንዳ ላይ ወይም በዳስ ሥር ይህ በነፋስ ብቻ ይገኛል። በክረምት ዝናብ ምክንያት በሩ ተገርበቦ፣ መስኮቱ በላስቲክ ተሸፍኖ በሚስተናገድበት ክፍል ግን አይገኝም። በዚያ ላይ የቡናው ምድጃ ይጨመራል።

ታዲያ ሸክላ ጥብስ ይቅር እንላለን? አንልም። ከላይ ያየነው የሸክላው ጎተራ መፍትሔ ይሰጠናል። 1.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን የጥብስ ሸክላ በማድ ቤት፣ ጭስ መውጫ ባለበት ምድጃ ላይ አማካይ ሙቀቱ 150 ዲግሪ እስኪደርስ ይጋል። እስከ 60 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 1.5 × 0.9 × 90፣ ማለትም 120 ኪሎ ጁል ያህል ይለቃል። እንዲህ ያለ ሸክላ ወደ አካባቢው የሚያጣው ሙቀት በሴኮንድ 100 ጁል ገደማ ቢሆን 1,200 ሴኮንድ፣ ማለትም 20 ደቂቃ ይቆያል። ዙሪያውን አራት ሰው የተቀመጠበት ጥብስ 20 ደቂቃ ሲቆይ እስካሁን አላየንም። እንግዲህ በዝግ ክፍል ውስጥ ከሥር ያለው ጎድጓዳ ባዶውን ቢቀርብ የሚጎድለው የፍሙ ውበት እንጂ የምግቡ ሙቀት አይደለም። ፍሙ የግድ ከተባለ ገበታው ደጅ ይውጣ። ይህም ካልተቻለ ከጣሪያው አጠገብና ከወለሉ አጠገብ ክፍተት ይተው፤ የሞቀው አየር በላይኛው ሲወጣ ቀዝቃዛው በታችኛው ይገባል። አንድ መስኮት ብቻ መክፈት ከዚህ በጣም ያነሰ አየር ያዘዋውራል።

በገበታ ላይ ሳሉ ሁለትና ሦስት ሰዎችን በአንድ ጊዜ ራስ ምታት ከያዛቸው ምግቡን ከመጠርጠር በፊት ሁሉም ወደ ደጅ መውጣት አለባቸው። ሕመሙ የጸናበት ወይም የሚንገዳገድ ሰው ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይገባዋል። በተራ አየር ሲተነፍስ በደሙ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ዝቅ ይላል።

ለመለማመጃ

አንድ ምግብ ቤት 80 ሜትር ኩብ የሚይዝ ክፍል አለው። በአንድ ጊዜ ሁለት ሸክላ ጥብስ ከነፍሙ ይቀርባል፤ በእያንዳንዱ ሥር በሰዓት 100 ግራም ከሰል ይነዳል። የክፍሉ አየር በሰዓት ስንት ጊዜ መለወጥ አለበት? መልሱ ከ14 ጥቂት ይበልጣል። ከዚያም አንባቢ የራሱን ሰፈር ምግብ ቤት በእርምጃ ለክቶ፣ ገበታዎቹን ቆጥሮ ስሌቱን ይድገመው፤ የሚያገኘውንም ቁጥር ለባለቤቱ ያሳይ።